በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትንና ቸልተኝነትን ለመከላከል የትኛው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ይሻላል? የንጽጽር መመሪያ

አብዛኞቹ ድሃ ወላጆች ልጆቻቸውን አይበድሉም፤ ልጅ የሚበደልባቸው ቤቶችም ሁሉ ድሃ አይደሉም። ያም ሆኖ የቤት ገቢ ሲያንስ፣ ሲዘገይ ወይም በድንገት ሲቋረጥ በልጆች ላይ የሚደርሰው ቸልተኝነትና ጥቃት እንደሚጨምር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው «ኢንስፓየር» በተባለው የሰባት ስልቶች ጥቅል ውስጥ የቤተሰብን ገቢ ማጠናከር ራሱን ችሎ የቆመ ስልት ነው። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከልም በዚያው ዓመት ባዘጋጀው ሰነድ ለቤተሰብ የሚደረግን የኢኮኖሚ ድጋፍ ከሌሎቹ ስልቶች ሁሉ አስቀድሞታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

መመሪያው በጀት ለሚደለድሉ፣ ፕሮግራም ለሚነድፉና ለሕግ ለውጥ ለሚከራከሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ማን ይመዘገባል? ገንዘቡ በስንተኛው ቀን ይደርሳል? ምን ሲሆን ይቋረጣል? በስብሰባ ላይ ማንም ብዙ የማይከራከርባቸው እነዚህ ደንቦች ከፖሊሲው ስም በላይ ውጤቱን ይወስናሉ። ከታች እንደሚታየው፣ አንድ ዓይነት ስም ካላቸው ሁለት ድጋፎች አንዱ ሕፃናትን ከሆስፒታል አልጋ ሲያስቀር ሌላው ምንም ለውጥ ሳያመጣ ቀርቷል።

መጀመሪያ የጎደለው ይለይ

በችግር ውስጥ ያለ ቤት ሊጎድለው የሚችለው ነገር በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ገንዘቡ ራሱ ነው፦ ምግብ፣ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው። ይህ ጉድለት ብዙውን ጊዜ በቸልተኝነት መልክ ይወጣል፤ ወላጁ ክፉ ሆኖ ሳይሆን የሚያቀርበው አጥቶ። ሁለተኛው እርግጠኝነት ነው። ገቢው በወር በወሩ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ኪራዩ ሲደርስ፣ ዕዳው ሲከመር ቤት ውስጥ ቁጣና ጠብ ይበዛል፤ ዱላውም ልጁ ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ጊዜ ነው። በወለደች በጥቂት ሳምንት ወደ ሥራ የተመለሰች እናት ሕፃኑን ለማን ትተወው? ለሰባት ዓመት እህቱ? ለጎረቤት? ወይስ በሩን ቆልፋበት ትሂድ?

የትኛው ጉድለት እንደሚብስ ለማወቅ አዲስ የዳሰሳ ጥናት ማካሄድ የግድ አይደለም። የልጆች ጥበቃ ቢሮና ሆስፒታል ካሏቸው መዝገቦች ያለፈውን አንድ ዓመት 200 ያህል በዕጣ አውጥቶ ሦስት ነገር መቁጠር ይበቃል፦ የጉዳቱን ዓይነት፣ የልጁን ዕድሜ፣ ጉዳዩ የተከሰተበትን ወርና ቀን። ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ጭንቅላታቸው ተጎድቶ የሚመጡ ከሆነ የወሊድ ፈቃድና የሕፃንነት ዘመን ክፍያ ይቀድማሉ። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ብቻቸውን ተትተው የሚገኙ ከሆነ የሕፃናት ማቆያ ነው የጠፋው። ጉዳዮቹ ደመወዝ ወይም ድጋፍ ሊደርስ ሲል ባሉት ቀናት ከበዙ የክፍያውን መጠን ከመጨመር በፊት የክፍያውን ቀን ማየት ይሻላል። ብዙ መዝገቦች ሁሉንም «የቤተሰብ ችግር» በሚል አንድ መስመር ስለሚጨፈልቁት ቆጠራው አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ አቋራጭ የለም።

በእጅ የሚሰጥ ገንዘብና በግብር በኩል የሚመለስ ገንዘብ

የጎደለው ገንዘብ ከሆነ ዋናዎቹ አማራጮች ሁለት ናቸው፦ ቀጥታ ክፍያና በግብር በኩል የሚሰጥ ክሬዲት፣ ማለትም ከሚፈለገው ግብር ላይ የሚቀነስ ድጋፍ። በአሜሪካ በ1975 የተጀመረው ለሠራተኛ ቤተሰቦች የሚሰጠው የግብር ክሬዲት ጥሩ መማሪያ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ክፍለ ግዛቶች በፌዴራሉ ላይ የየራሳቸውን ጨምረውበታል፣ ደንባቸው ግን ይለያያል። አንዳንዶቹ ክሬዲቱ ከግብሩ ሲበልጥ ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ ይመልሳሉ። ሌሎቹ ግብሩን ዜሮ አድርገው ያበቃሉ።

ልዩነቱ በቁጥር ይህን ይመስላል። ክሬዲቱ 1,000 ነው፤ ቤተሰቡ የሚፈለግበት ግብር 200 ነው እንበል። ተመላሽ በሆነው ሥርዓት ቤተሰቡ 200ው ተሰርዞለት 800 በእጁ ያገኛል። ተመላሽ ባልሆነው የሚያገኘው 200 ብቻ ነው። ግብር የማይደርስበት ከሁሉ የባሰ ድሃ ቤተሰብ ደግሞ በመጀመሪያው 1,000፣ በሁለተኛው ምንም። ከ1995 እስከ 2013 ባለው መረጃ በ27 ክፍለ ግዛቶች በተደረገ ጥናት፣ ተመላሽ ክሬዲት ባለበት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በመናጥና በመመታት በሚደርስ የጭንቅላት ጉዳት ሆስፒታል የሚተኙበት መጠን ከ100,000 ሕፃናት በ3.1 ቀንሷል። ተመላሽ ያልሆነው እንዲህ ያለ ውጤት አልታየበትም።

የግብር መንገድ ሁለት ድክመቶች አሉት። መደበኛ ደመወዝ የሌለውን ሰው አያገኘውም፤ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። አብዛኛው ሥራ ከመዝገብ ውጭ በሆነበት አገር ይህን አማራጭ ከዝርዝሩ ማውጣት ጊዜ ይቆጥባል።

ቀጥታ ክፍያ ሰፋ ያለ ማስረጃ አለው። የአላስካ ክፍለ ግዛት ከ1982 ጀምሮ ከነዳጅ ሀብቱ ለነዋሪው ሁሉ፣ ለሕፃን ጭምር፣ በየዓመቱ ይከፍላል። በዚያ በተደረገ ጥናት በልጁ የመጀመሪያ ወራት ለቤተሰቡ የደረሰ ተጨማሪ 1,000 ዶላር፣ ልጁ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ለልጆች ጥበቃ የመጠቆም ዕድሉን በ10 በመቶ ያህል ቀንሶታል። አሜሪካ በ2021 ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ ለአንድ ልጅ እስከ 300 ዶላር ስትከፍል ደግሞ፣ በአንድ ትልቅ የሕፃናት ሆስፒታል ሥርዓት በጥቃትና በቸልተኝነት ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ልጆች ክፍያው በገባባቸው በአራቱ ቀናት ውስጥ ቀንሰው ታይተዋል። የክፍያው ቀን ይህን ያህል ለውጥ ማምጣቱን ልብ ይሏል።

መጠኑ ስንት ይሁን? ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከተካሄዱ ግምገማዎች የወጣው የሥራ መለኪያ፣ ክፍያው ቤተሰቡ ቀድሞ ያወጣ ከነበረው ወጪ 20 በመቶ ያህል ካልደረሰ ሰፊ ለውጥ መጠበቅ ከባድ ነው የሚል ነው። በጋና በ2008 የተጀመረው «ሊፕ» የተባለው የገንዘብ ድጋፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያው አነስተኛና መምጫው የማይታወቅ ስለነበር ግምገማው በቤተሰብ ፍጆታ ላይ ለውጥ አላገኘም፤ ሰዎች ገንዘቡ በደረሰ ጊዜ ዕዳ ይከፍሉበት ነበር። ከዚህ የምንወስደው፦ በጀቱ ካልበቃ ክፍያውን ከማሳነስ ዕድሜውን ማጥበብ። ለሁሉም ልጅ 5 በመቶ ከመስጠት ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ላሉት 20 በመቶ መስጠት ይመረጣል። በአሜሪካ መረጃ በጥቃትና በቸልተኝነት ከሚሞቱት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓመት ያልሞላቸው መሆኑም ወደዚያው ያመለክታል።

በየወሩ ወይስ በአንድ ጊዜ? በኬንያ በተደረገ ንጽጽር የወር ክፍያ የምግብ ዋስትናን ሲያሻሽል፣ በአንድ ጊዜ የተሰጠው ለቆርቆሮ ጣሪያና ለመሰል ንብረት ነው ይበልጥ የዋለው። ለልጅ ጥበቃ ዓላማ የወሩ ይሻላል።

ጥሬ ገንዘብ፣ ምግብ ወይስ ኩፖን?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከሚገባው በላይ ይከራከራሉ። በሰሜን ኢኳዶር በ2011 ሦስቱም፣ በወር 40 ዶላር ግምት ያላቸው ሆነው ለስድስት ወር ተሰጥተው ነበር። ሴቶች ከትዳር አጋራቸው የሚደርስባቸው አካላዊና ወሲባዊ ጥቃት በሦስቱም ቀነሰ፤ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልነበረም። እናት ስትደበደብ ማየት ራሱ ከልጅነት መከራዎች አንዱ ሆኖ የሚቆጠር ስለሆነ ይህ ለእኛ ጉዳይ ቀጥተኛ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ገበያው የሚሠራ ከሆነ ለማከፋፈል ቀላሉን መምረጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጥሬ ገንዘቡ ነው።

ይበልጥ የሚያዋጣው ክርክር ከገንዘቡ ጋር ምን ይሂድ የሚለው ነው። በባንግላዲሽ ከ2012 እስከ 2014 በተካሄደ ሙከራ አንዳንድ ሴቶች ድጋፉን ብቻ፣ ሌሎቹ ድጋፉን በቡድን ከሚሰጥ መደበኛ የሥነ ምግብ ትምህርት ጋር አገኙ። ፕሮግራሙ ካበቃ ከ6 እስከ 10 ወር በኋላ፣ ሁለቱን አብረው ያገኙት ሴቶች ላይ የሚደርሰው አካላዊ ጥቃት በ26 በመቶ ያነሰ ሲሆን፣ ድጋፍ ብቻ ያገኙት ላይ ዘላቂ ለውጥ አልታየም። ትምህርቱ ስለ ጥቃት አልነበረም። ሴቶቹ በየሳምንቱ ከቤት ወጥተው መሰባሰባቸውና ዓይን የሚያያቸው ሰው መኖሩ የራሱ ሥራ ሳይሠራ አልቀረም።

ይህን ግን ከቅድመ ሁኔታ ጋር ማምታታት አይገባም። «ስብሰባ ካልመጣሽ ክፍያ የለም» ሲባል መጀመሪያ የሚቀጡት የታመመች፣ ባሏ ከቤት የማያስወጣት ወይም ቤቷ ሩቅ የሆነች እናት ናቸው፤ ማለትም ልጆቻቸው ከሁሉ ይበልጥ አደጋ ላይ ያሉት። ትምህርቱ ይቅረብ፣ ለመምጣት ይጋብዝ፤ ክፍያው ግን አይታሰርበት። በጉልበት ሥራ የሚከፈል ድጋፍም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ያለ ሥራ ወደሚከፈልበት ቀጥታ ድጋፍ ካልተዛወሩ፣ ፕሮግራሙ ገንዘብ ሰጥቶ ጊዜ ይወስዳል፤ ሕፃኑም በሥራው ቦታ ዳር ይውላል ወይም ቤት ይቀራል።

የደመወዝ ወለል

የመንግሥትን ካዝና ብዙ ስለማይነካ ለፖለቲከኞች የሚጥም አማራጭ ነው። ከ2004 እስከ 2013 ባለው የአሜሪካ መረጃ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ዶላር ሲጨምር የቸልተኝነት ጥቆማ በ9.6 በመቶ ቀንሷል። ቅነሳው በተለይ እስከ 12 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ነው የታየው።

ድካሙ የት ላይ ነው? ቅጥር የሌለው ወላጅ አይነካውም። ሌላው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ስሌት ነው። የእናትየዋ ደመወዝ በ500 ሲያድግ ገቢዋ የድጋፉን ጣሪያ አልፎ 700 የሚያወጣ የማቆያና የምግብ ድጋፍ በአንድ ጊዜ ቢቋረጥባት፣ ከጭማሪው በኋላ 200 ከስራለች ማለት ነው። መፍትሔው ድጋፉን ቀስ በቀስ መቀነስ ነው፤ ለምሳሌ ከጣሪያው በላይ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ 100 ገቢ 30 ብቻ መቀነስ። የጭማሪው 500 ሙሉ በሙሉ ከጣሪያው በላይ ቢሆን እንኳ ድጋፉ በ150 ብቻ ይቀንስና 350 በእጇ ይቀራል። የደመወዝ ወለል ሕግ ከመውጣቱ በፊት የገቢ ጣሪያ ያላቸው ድጋፎች ሁሉ ተዘርዝረው ይህ ስሌት ለእያንዳንዱ መሠራት አለበት። ወለሉ ከዋጋ ግሽበት ጋር በየዓመቱ የማይስተካከል ከሆነም በጥቂት ዓመት ውስጥ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

የወሊድ ፈቃድና የሕፃናት ማቆያ

የጎደለው ጊዜ ሲሆን ሁለቱ ተተኪ ሳይሆኑ ተከታታይ ናቸው። ፈቃዱ ሲያልቅ ማቆያው ካልጀመረ፣ በመካከል ያሉት ወራት ሕፃኑ በአጋጣሚ ጠባቂዎች እጅ የሚወድቅባቸው ናቸው። ሁለቱን የሚያወጡት መሥሪያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ ክፍተቱን ማንም አይቆጥረውም። ፈቃዱ የሚያበቃበትን ሳምንትና ማቆያው ልጅ የሚቀበልበትን ዕድሜ ጎን ለጎን ጽፎ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ካሊፎርኒያ በ2004 ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያ ሆና ክፍያ ያለው የቤተሰብ ፈቃድ ስትጀምር ስድስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ክፍያውም ከደመወዙ ግማሽ ጥቂት ያለፈ። እንዲያም ሆኖ እንዲህ ያለ ሕግ ከሌላቸው ሰባት ክፍለ ግዛቶች ጋር ሲነጻጸር፣ በትናንሽ ልጆች ላይ በጥቃት የሚደርስ የጭንቅላት ጉዳት የሆስፒታል ቅበላ ቀንሶ ተገኝቷል። የሕፃኗ ለቅሶ ያላባራላት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ነገ ሥራ ገቢ እናት በየትኛው ሰዓት ትዕግሥቷ እንደሚያልቅ ለሚያውቅ ይህ አያስደንቅም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2000 ያወጣው 183ኛው ስምምነት ዝቅተኛውን የወሊድ ፈቃድ 14 ሳምንት፣ ክፍያውንም ከቀድሞ ገቢ ከሁለት ሦስተኛ በማያንስ አስቀምጧል፤ ለድርድር መነሻ የሚሆነው ይህ ነው።

የፈቃድ ሕግ በሦስት ቦታ ይበላሻል። ክፍያው ዝቅተኛ ሲሆን ዝቅተኛ ተከፋይ አይወስደውም፤ ግማሽ ደመወዝ ኪራይ አይከፍልም። ወደ ሥራ የመመለስ ዋስትና ከሌለው ደግሞ መብቱ ያላት ሴት ትፈራዋለች። በካሊፎርኒያ እንደታየውም ብዙ ዝቅተኛ ተከፋዮች ሕጉ መኖሩን ከዓመታት በኋላ እንኳ አያውቁም ነበር። ክፍያው ከአሠሪው ኪስ ብቻ እንዲወጣ ማድረግም ወጣት ሴቶችን ላለመቅጠር ምክንያት ይሆናል፤ ከጋራ የመድን ቋት መክፈል ይሻላል።

ማቆያን በተመለከተ በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ብዙ ያስተምራል። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች 11 ፖሊሲዎች ተፈትሸው ከዝቅተኛ የጥቃትና የቸልተኝነት መጠን ጋር የተያያዙት ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ለማቆያ ድጎማ የወረፋ መዝገብ አለመኖሩና የልጆች የጤና ሽፋን ሳይቆራረጥ እንዲቀጥል የሚያደርጉ ደንቦች። ሁለቱም ስለ አሠራር ናቸው። ስምንት ወር የሚያስጠብቅ ድጎማ ለስምንት ወር የለም ማለት ነው። በቺካጎ የልጅና ወላጅ ማዕከላት የቅድመ መደበኛ ትምህርት የተከታተሉ ልጆች እስከ 17 ዓመታቸው በደረሰባቸው ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ለፍርድ ቤት አቤቱታ የቀረበላቸው 5 በመቶ ሲሆኑ፣ በንጽጽር ቡድኑ 10.5 በመቶ ነበሩ። እዚያ ግን ወላጆች ራሳቸው በማዕከሉ ይሳተፉ ነበር፤ ልጅ አስቀምጦ መሄጃ ክፍል ከፍቶ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም።

ኪራይ፣ ሕክምና፣ ቀለብ

ቤት ላጡ ቤተሰቦች ማስረጃው ግልጽ ነው። በአሜሪካ 12 አካባቢዎች ከ2,200 በላይ ቤተሰቦችን በዕጣ የመደበ ጥናት ሦስት አማራጮችን አወዳደረ፦ የረጅም ጊዜ የኪራይ ድጎማ፣ የአጭር ጊዜ የኪራይ ዕርዳታና አገልግሎት የሞላበት የሽግግር መጠለያ። የረጅም ጊዜው ድጎማ ቤት አልባነትን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ የቤት ውስጥ ጥቃትንና የልጆችን ከወላጅ መለየትም አሳነሰ። የአጭር ጊዜው ከተለመደው አገልግሎት ብዙም አልተሻለም። ኪራይ ለሦስት ወር ከፍሎ «ተቋቋሙ» ማለት ርካሽ የሚመስል ግን ደጋግሞ የሚያስከፍል ምርጫ ነው።

የጤና ሽፋን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሕክምና ይሰጣል፣ በሽታ ያመጣው ዕዳም ቤቱን እንዳያፈርስ ይከላከላል። ሜዲኬይድ የተባለው የአሜሪካ የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና ሽፋን ከ2014 ወዲህ በተስፋፋባቸው ክፍለ ግዛቶች ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች የቸልተኝነት ጉዳይ በዓመት ከ100,000 ልጆች በ422 ያነሰ ነበር፤ በአካላዊ ጥቃት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። የተስፋፋው ሽፋን የአዋቂዎች መሆኑ መታወቅ አለበት፦ እናቲቱ ለድባቴ ስትታከም ልጁ ይጠበቃል።

ቀለብ ብዙ ጊዜ ከፖሊሲ ዝርዝር ይረሳል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ መንግሥት ዕርዳታ ለሚያገኙ እናቶች አባት የሚከፍለውን ቀለብ ለራሱ ማስቀረቱን ትቶ በሙሉ ለእናቲቱ ሲያስተላልፍ፣ ተጣርቶ ምርመራ የሚያስከፍት ጥቆማ የማጋጠም ዕድላቸው በ10 በመቶ ያህል ቀንሷል። አዲስ በጀት ብዙም የማይጠይቅ፣ አንድ ደንብ በመሻር ብቻ የሚፈጸም ነገር ነው። ቀለብ የተፈረደላቸው ግን የማያገኙ እናቶች ባሉበት ሁሉ ከአሠሪ ደመወዝ ላይ በቀጥታ ማስቆረጥ ከብዙ አዳዲስ ፕሮግራሞች ይቀድማል።

ለዚህ ዓላማ ደካማ የሆኑት

የነዳጅ ድጎማ ለድሃ ተብሎ ይጀመራል፤ በታዳጊ አገሮች ከጠቅላላ ድጎማው የላይኛው የሀብት አምስተኛ ከታችኛው አምስተኛ ስድስት እጥፍ ያህል እንደሚያገኝ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች አስልተዋል። አነስተኛ ብድር ብቻውን ደግሞ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች በተደረጉ ሙከራዎች፣ የቤተሰብን ኑሮ የሚቀይር ውጤት አልተገኘበትም፤ ብድሩ የሚመለስበት ቀን ሳይደርስ በፊት ያለው ሳምንት ደግሞ በቤት ውስጥ የራሱን ውጥረት ይጨምራል። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ብድሩ ስለ ጾታና ጥቃት ከሚሰጥ ሥልጠና ጋር ሲጣመር የትዳር ጥቃት በ55 በመቶ ወርዷል፤ ብድር ብቻ የተሰጣቸው ግን ገቢያቸው ቢሻሻልም ጥቃቱ አልቀነሰም።

ከተመረጠ በኋላ ምን ይለካ?

ለልጆች ጥበቃ የሚደርሰው ጥቆማ ብቻውን መለኪያ ሲሆን ያታልላል። ማቆያ ሲከፈት፣ የጤና ባለሙያ ቤት ለቤት ሲሄድ ልጁን የሚያዩ ዓይኖች ይበዛሉ፤ ጥቃቱ ባይጨምርም ጥቆማው ይጨምራል። በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በአሜሪካ ጥቆማ ያሽቆለቆለው ልጆች ደኅና ስለሆኑ አልነበረም፤ የሚጠቁሙ መምህራን ስላላዩአቸው ነው። ስለዚህ ከጥቆማ ጋር የሆስፒታል ቅበላ ይያዝ፣ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች የጭንቅላት ጉዳትና የአጥንት ስብራት፤ እነዚህ በጠቋሚ ፈቃድ ላይ አይመሠረቱም። ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ግን ከአንድ ወረዳ ይልቅ በክልል ደረጃና በሁለት በሦስት ዓመት ድምር ነው የሚነበቡት።

ከውጤቱ በፊት አሠራሩ ይለካ። በመጀመሪያው ስድስት ወር አራት ቁጥሮች በየወሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፦ መብት ካላቸው ውስጥ ስንት በመቶ ተመዘገቡ፣ ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያ ክፍያ ስንት ቀን ፈጀ፣ ስንት ክፍያ በቀኑ ደረሰ፣ ስንት ሰው በወረቀት ጉድለት ተሰረዘ። አራተኛው ከፍ ካለ የምዝገባውን እድሳት ከየስድስት ወሩ ወደ ዓመት ማራዘምና ቀድሞ በመንግሥት እጅ ያለን ማስረጃ ከአመልካቹ መጠየቅ ማቆም ከማንኛውም የግንዛቤ ዘመቻ ቀድሞ የሚደረግ ነው።